ፍሪጅ፦ አለ / የለም

ሠላሳ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ገጽ ወረቀት፣
በቀበሌው ማኅተም ጥጉ የተመታበት፣
ይዤ ወጣሁ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ደቻቱን ተሻግሬ፣ ከግመሎቹ ኋላ፣ አሸዋው ላይ ላፍታ።
ድሬ ላይ ጠዋት ማለት አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤
ከዚያ ወዲያ ያለው
ቆርቆሮ ነው፤ ላብ ነው።

የማን ቤት ደሃ ነው? የማንስ ይሻላል?
እኔ አልፈርድም፤ እጽፋለሁ፤ ኮምፒውተር ይደምራል፤
ከመስመሩ በታች ያለው ሴፍቲኔት ይገባል፣
ከመስመሩ በላይ ያለው
«እግዜር ይስጥህ» ይባላል።

ሸምሲያን ያገኘኋት በሯ ላይ ነበር፣
የባቢሌ ለውዝ ስትጠቀልል፣ በልጇ ያለፈ ዓመት ደብተር፤
አንዱ ጥቅል ላይ «ጎበዝ» ይላል፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከመምህሩ ፊርማ ሥር።
«ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።» ሳልጠይቃት ውሃ ቀዳች።
«የቤተሰብ ብዛት?» አልኳት። በጣቷ ቆጠረች።
«አባታቸው ጅቡቲ ነው፤ እሱስ ይገባል?» አለች።
ስድስት ወር የራቀ አይቆጠርም ይላል መመሪያው።
«እንግዲያ ሦስት ብለሽ ጻፊው፤
እኔም መቁጠር ከተውኩ ይኸው አራት ዓመቴ ነው።»

ጣሪያ? ቆርቆሮ። ወለል? አፈር። ሽንት ቤት? የጋራ።
ቴሌቪዥን? ተሸጧል፣ ለልጁ ምርመራ።
ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ፦ ፍሪጅ? አለ / የለም።
ዞር አልኩ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ አላየሁም አይባልም፤
ነጭ ሽማግሌ፣ ዝገት በእግሩ የወጣ፣
ለሰርጓ የተገዛ፣ በጎርፉ ዓመት ጭቃ ጠጥቶ ድምፁን ያጣ።

ከፈተችው። መብራት የለም። ብርድ የለም።
ሦስት የተጣጠፈ ቀሚስ፣ የኢድ ጫማ፣ የልደት ምስክር ወረቀት።
«ቁም ሳጥኔ ነው» አለች፣ እያፈረች፣ እየሳቀችበት።
«ይሠራል ወይ አይልም ፎርሙ፤ አለ ወይ የለም ነው።»
«ታዲያ አለ በይ። ዓይኔ እያየ አልዋሽም፤ ያለ ነገር ያለ ነው።»
ምልክት አደረግሁ።
እስክሪብቶው የመንግሥት ነው።

ስወጣ ነው ያየሁት፣ ከአልጋው ሥር፣ ጥላ ውስጥ፣
አፉ በጨርቅ የታሰረ ማሰሮ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠ።
«ይሄስ?»
«የኢምራን ኢንሱሊን ነው። ሙቀት ይገድለዋል ብለውኛል ድል ጮራ።
ቀን ጨርቁን አርሳለሁ፤ ማታ አራግባለሁ በየተራ፣
አንዴ ለልጁ፣ አንዴ ለማሰሮው።»

ማሰሮ የሚል ጥያቄ
ከሠላሳ አንዱ ውስጥ የለም። ሦስቴ ቆጥሬያለሁ።

ግንቦት ላይ ዝርዝሩ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።
የጎረቤቷ የፈለቀች ስም አለበት፤ እሰይ፣ እሷስ ተረፈች።
ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሳ ቦይ ትጠርጋለች አሁን፣
በባንክ ደብተር ትቀበላለች የወሩን፤
የጤና መድን ካርዷንም መንግሥት ከፍሎላት፣
የሐሞት ጠጠሯን አወጡላት፣ አንድ ብር ሳይጠይቋት።
ይህን አልክድም፤ ያየው ቤት ላይ ሠርቷል።
ሸምሲያ አብዶሽ ግን፣ በአንድ ነጥብ ተኩል፣
ደሃ አይደለችም ተብሏል።
የመድኑን መዋጮ ከኪስሽ ክፈይ ተባለች፤
ኪስ የሌለው ቀሚሷን ዳብሳ ዝም አለች።
ቅሬታ ሰሚው ለሐምሌ ቀጠራት፤ ሐምሌ ለመስከረም፤
ስኳር ቀጠሮ አያውቅም።

እኔ ቤት ፍሪጅ አለ። ይሠራል። ሌሊቱን ያጓራል።
ከድልሁ ብልቃጥ ጎን ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ተቀምጧል።
ንጋት ላይ፣ ደቻቱ ካልሞላ፣ በሬ ይንኳኳል፤
ኢምራን ነው፣ እጁን ታጥቦ፣ ክንዱን እያሻሸ፤
«ፍሪጃችን ደህና አደረ?» ይለኛል።

መብራት በጠፋ ማታ ግን፣ ሞተሩ ዝም ሲል፣ ቤቱ ሲሞቅ፣
ጠርሙሶቹን በሻሼ ጠቅልዬ፣ በስልክ መብራት፣ ስጠነቀቅ፣
አሸዋውን አቋርጣለሁ፣
ወደ ሸምሲያ ማሰሮ።